ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ የልምምድና የዕረፍት ሚዛን በአንድ አትሌት ሕይወት

መግቢያ

ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ አቦ በኩል ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አቃቂና ወደ ደብረ ዘይት የሚዘልቀው ጎዳና ጎሕ ሳይቀድ የሚሮጡ ወጣቶች የማይለዩት መንገድ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ክለብ ያልያዙ፣ አሠልጣኝ ያላገኙ፣ የሚሮጡትን ርቀትና የሚያርፉበትን ቀን በራሳቸው ግምት የሚወስኑ ጥቂት አይደሉም። ዘወትር የሚያሳስባቸው ጥያቄ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር መሮጥ ይገባል የሚለው ነው። መቼ ማረፍ ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት በዚህ ጥያቄ አንጻር ይተርካል። የአበበ ድሎች በሰፊው የታወቁ ናቸው። በድሎቹ መካከል የነበሩት የዝግጅት፣ የዕረፍት፣ የሕመምና የማገገም ወራት ግን ያን ያህል አይነገሩም። ለዛሬ ሠልጣኝና አሠልጣኝ የሚበጀው ትምህርት በአብዛኛው የሚገኘው በእነዚህ ወራት ውስጥ ነው።

ልደትና አስተዳደግ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በመንዲዳ አጠገብ በምትገኘው ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ዕለቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደበት ቀን መሆኑ ኋላ ከሕይወቱ ጋር ሲነጻጸር የሚያስገርም መገጣጠም ነው። ልጅነቱ ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ጋር የተገጣጠመ ስለነበር ቤተሰቡ መኖሪያውን ለቅቆ ርቆ ወደሚገኝ ስፍራ ለመሰደድ ተገድዶ ነበር። ሰላም ሲመለስ አበበ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ።

በከፍታ ቦታ ተወልዶ በእግር ረጅም መንገድ እየተጓዙ ማደግ ለጽናት ሩጫ ጠንካራ መሠረት ይጥላል። ይሁን እንጂ በዚያው ደጋ ያደጉ እጅግ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። አበበን ከእነርሱ የለየው በዚህ መሠረት ላይ የተገነባው ሥልታዊ ዝግጅት ነው።

ክብር ዘበኛና ሜጀር ኦኒ ኒስካነን

አበበ በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ በየዕለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ዋሚ ቢራቱን ተከትሎ ሁለተኛ ሆነ።

ተሰጥኦውን አስተውለው ወደ ሥርዓት ያስገቡት ስዊድናዊው ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ሜጀር ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና በአትሌቲክስ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ባለሙያ ነበሩ። የመጡበት አገር በሩጫ ሥልጠና የራሱ ባህል ነበረው። ጎስታ ሆልመር የተባሉት ስዊድናዊ አሠልጣኝ በ1930ዎቹ ፋርትሌክ የሚባለውን ዘዴ፣ ማለትም በአንድ ሩጫ ውስጥ ፈጣንና ዘገምተኛ እርምጃን እያፈራረቁ የመሮጥን ልምምድ አስተዋውቀው ነበር።

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮችም የጽናት ሥልጠና መልኩን እየለወጠ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን በአጭር ዕረፍት እየከፋፈለ እጅግ ብዙ ጊዜ በመደጋገም ስመ ጥር ሆነ። ኒውዚላንዳዊው አርተር ሊዲያርድ ደግሞ ዓመቱን በምዕራፎች ከፋፈሉት። በቅድሚያ ለወራት የሚዘልቅ የረጅም ርቀት መሠረት፣ ቀጥሎ የዳገት ልምምድ፣ ከዚያ የፍጥነት ሥራ፣ በመጨረሻም ውድድር ይመጣል። እነዚህ ዘዴዎች በዝርዝር ቢለያዩም ሁሉም በአንድ ሐሳብ ይስማማሉ። ሰውነት የሚጠነክረው ሥራው በተሠራበት ሰዓት ሳይሆን ከሥራው በኋላ ባለው የማገገሚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዕረፍት ራሱ የሥልጠናው አካል ነው።

ሮም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ

አበበ በመጋቢት 1952 ዓ.ም. ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ትዳር መሠረተ። በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ ሁለት ማራቶኖችን ሮጦ አሸነፈ። በሁለተኛው የገባበት 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ፣ ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይሻል ነበር። ይህ ሰዓት የተመዘገበው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ ለሚያውቁት ሰዎች ትርጉሙ ከቁጥሩም በላይ ነበር።

የሮም ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ ተካሄደ። ውድድሩ በሙቀቱ ምክንያት አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በሌሊት ተፈጸመ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አበበ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው በፍጻሜው አቅራቢያ ተለየውና በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ቀዳሚ ሆኖ ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የሆነው ሰዓቱ ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ዓመት በፊት ካስመዘገበው የዓለም ፈጣን ሰዓት በ0.8 ሰከንድ የተሻለ ነበር። ሦስተኛ የወጣው የሊዲያርድ ሠልጣኝ ባሪ ማጊ ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ ሆነ።

የድሉ አፈጻጸም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አበበና አሠልጣኙ የውድድሩን መንገድ አስቀድመው ተመልክተው ነበር። ከአክሱም ተወስዶ በሮም ቆሞ የነበረው ሐውልትም ወደ ፍጻሜው መቃረባቸውን የሚያመለክት ምልክት ሆኖላቸዋል። አበበ ጉልበቱን ለመጨረሻው ምዕራፍ ቆጥቦ አቆየ። በልምምድ ዘመኑ ኃይልን በመጠን ማውጣትን የተማረ ሯጭ በውድድርም ቀን ይህንኑ ያደርጋል።

ከሮም እስከ ቶኪዮ

እ.ኤ.አ. በ1961 አበበ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ሦስት ማራቶኖችን ሮጦ ሁሉንም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በዓለም አቀፍ ማራቶን የታየው እ.ኤ.አ. በ1963 በቦስተን ሲሆን፣ በዚህ ውድድር ከማሞ ወልዴ ጋር በፈጣን እርምጃ ሲመሩ ቆይተው በመጨረሻው ክፍል ኃይላቸው ተዳከመ። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆኑ። አበበ ዓለም አቀፍ ማራቶን ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረው በዚህ ውድድር ብቻ ነው።

ከቦስተን በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ማራቶን አልሮጠም። የተመለሰው በ1956 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተካሄደው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሲሆን፣ 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ18.8 ሰከንድ ገብቶ ማሞ ወልዴን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመ። ዛሬ ከማራቶን ወደ ማራቶን ያለ በቂ ክፍተት ለመሮጥ ለሚፈተን አትሌት ይህ ረጅም የዝግጅት ጊዜ ሊጤን የሚገባው ነው።

ከቶኪዮ ውድድር 40 ቀን ገደማ ሲቀረው አበበ በደብረ ዘይት በልምምድ ላይ ሳለ ብርቱ የሆድ ሕመም ያዘው። የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ ታወቀና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከሆስፒታል የወጣው ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ውድድሩ ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን ነበር። ከቀዶ ሕክምናው እስከ ውድድሩ የቀሩት 35 ቀናት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ጥቂቱ በአልጋ ላይ፣ ጥቂቱ በጉዞ አለፈ። መወዳደሩ ራሱ ያጠራጥር ነበር።

በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ከውድድሩ አጋማሽ በፊት መሪነቱን ያዘና ብቻውን ወደ ፊት ገሠገሠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገብቶ አዲስ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ ከገባ በኋላ በሣር ሜዳው ላይ ሰውነቱን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ሲሠራ ተመልካቹ በመደነቅ አየው። በኦሊምፒክ ታሪክ የማራቶን ድሉን በተከታዩ ኦሊምፒክ የደገመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ መደምደሚያ መውሰድ አይገባም። ቀዶ ሕክምና ማንንም ሯጭ አይጠቅምም፤ በሕመም ማግሥት መሮጥም ለሌላው አርአያ የሚሆን ተግባር አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ለዓመታት የተገነባ የጽናት አቅም በጥቂት ቀናት ዕረፍት አይፈርስም። ከውድድር በፊት ባሉት ሳምንታት ልምምድ ቢቀንስ ብቃቱ የሚጠፋ የሚመስለው ወጣት ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ዛሬ የሥልጠና ሳይንስ እንደሚያስተምረው ከትልቅ ውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሩጫውን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ማድረግ፣ ነገር ግን አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን አለመተው፣ ሯጩን ለውድድሩ ቀን ትኩስ አድርጎ ያደርሰዋል።

ያልተፈወሰ እግር

አበበ ከቶኪዮ በኋላም ለጥቂት ጊዜ አልተሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን፣ በ1966 ደግሞ በስፔን ዛራውትዝና ከኢንቾን ወደ ሴኡል በተካሄደው ማራቶን አሸነፈ። በ1967 ዳግመኛ በዛራውትዝ ሲሮጥ ግን የኋላ ጭኑ ጡንቻ ተጎዳና ውድድሩን አቋረጠ። ከዚህ ጉዳት በኋላ ወደ ቀድሞ ብቃቱ ፈጽሞ አልተመለሰም።

በቀጣዩ ዓመት ለእግሩ ሕክምና ወደ ጀርመን ተላከ። ከዚያ ተመልሶ በአሥመራ ይዘጋጅ ከነበረው ብሔራዊ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። አሥመራ የተመረጠችው ከፍታዋና የአየር ጠባይዋ ከሜክሲኮ ከተማ ጋር ስለሚቀራረብ ነው፤ ይህም ዝግጅቱ ምን ያህል በዕቅድ ይመራ እንደነበር ያሳያል። ሆኖም ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው በግራ እግሩ ሕመም ተሰማው። ሲመረመር ከታችኛው እግር ሁለት አጥንቶች በቀጭኑ ላይ ስብራት ተገኘ። እስከ ውድድሩ ቀን እንዲያርፍ ተመከረ።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ የ1 ቁጥር መለያ ለብሶ ተሰለፈ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ወጣ። ድሉ ግን ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ ማሞ ወልዴ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ ገብቶ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ለአገሩ አስገኘ። አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው።

የሰባት ቀን ዕረፍት ለደከመ ጡንቻ ይበቃ ይሆናል፤ ለአጥንት ግን አይበቃም። አጥንት የሚጠገነው በሳምንታትና በወራት ነው። የዓለምን ማራቶን በሁለት ኦሊምፒክ የገዛ ሰው እንኳ ይህን ሕግ ሊሽረው አልቻለም። በራሱ ፈቃድ ብቻ በሕመም ላይ የሚሮጥ ወጣት የሚጋፈጠው ይህንኑ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ማገገም

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ በአንገቱና በአከርካሪው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከና ለበርካታ ወራት ታከመ። በመጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ ተስኖት ነበር። በጊዜ ሂደት የላይኛው አካሉ ሲያገግም እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙለትም።

በዚህ ምዕራፍም ከልምምድ አልተለየም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ተካፈለ። በ1971 በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በበረዶ ላይ በውሾች የሚጎተት ጋሪ እየነዳ አሸነፈ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ሠርቶ ማረፍ፣ ነገ ጥቂት መጨመር፣ ሰውነት ሲለምደው እንደገና መጨመር ለሻምፒዮን እንደሚያስፈልግ ሁሉ ከጉዳት ለሚያገግም ሰውም የሚሠራ ሥርዓት መሆኑን ይህ የሕይወቱ ክፍል ያሳያል።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ክብር ተፈጸመ፤ ብሔራዊ የኀዘን ቀንም ታወጀ።

ለሠልጣኞችና ለአሠልጣኞች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከተተረከው ሕይወትና ዛሬ ተቀባይነት ካላቸው የሥልጠና መርሆዎች የሚከተሉትን መገንዘብ ይቻላል።

1. ዓመቱን በምዕራፍ መክፈል። ዋናው ውድድር የሚካሄድበት ቀን በቅድሚያ ይወሰን። ከዚያ ወደ ኋላ በመቁጠር የመሠረት ግንባታ፣ የፍጥነት ሥራ፣ የመቀነሻና ከውድድር በኋላ የሙሉ ዕረፍት ጊዜ ይመደብ። ማራቶን የሮጠ ሰው ወደ ብርቱ ልምምድ ከመመለሱ በፊት ሳምንታት ያስፈልጉታል።

2. ሳምንቱን ማመጣጠን። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ከባድ ቀኖች፣ ለምሳሌ አንድ የፍጥነት፣ አንድ የዳገት ወይም የተመጠነ ፈጣን ሩጫ፣ አንድ ረጅም ሩጫ ይበቃሉ። በመካከላቸው ያሉት ቀኖች እያወሩ መሮጥ እስኪቻል ድረስ ቀላል ይሁኑ። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይሁን። ከሦስት ሳምንት ጭማሪ በኋላ አንድ ሳምንት ቀለል ማድረግ የተለመደ ነው።

3. ቦታን በዓላማ መምረጥ። እንጦጦና ሱሉልታ ከፍታቸው ትንፋሽን ስለሚፈትን በዝግታ ለሚደረግ የመሠረት ሩጫ ይመረጣሉ። አቃቂና ከዚያ በታች ያለው ሜዳ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ በመሆኑ ለፈጣን ልምምድ ይመቻል። በሳሪስና በቃሊቲ የሚኖር ሯጭ ይህ ቦታ በቅርቡ አለው። ሁልጊዜ በአስፋልት ላይ መሮጥ ግን እግርን ስለሚጎዳ የአፈር መንገድ ይመረጥ።

4. የቀን ሥራን መቁጠር። በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሠራ ሯጭ ከሩጫ ውጭ ያሉት ሰዓታት ዕረፍት አይደሉም። እንዲህ ያለ ሰው ሙሉ ጊዜውን ለሩጫ የሰጠ የክለብ አትሌት የሚሠራውን መርሐ ግብር እንዳለ ቢገለብጥ ይጎዳል። የሩጫው መጠን ከእንቅልፉና ከምግቡ ጋር ይመጣጠን።

5. የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን ማወቅ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚለካ የልብ ምት ከወትሮው ለቀናት መጨመሩ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ተደጋጋሚ ጉንፋን፣ በሴት አትሌቶች ደግሞ የወር አበባ መቋረጥ ሰውነት በቂ ዕረፍት ወይም ምግብ እንዳላገኘ ያመለክታሉ። በአጥንት ላይ በአንድ ነጥብ ተወስኖ ሲነካ የሚብስ ሕመም ከተሰማ ሩጫ ወዲያውኑ ይቁም፤ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመርም ያስፈልጋል።

6. በማስታወሻ መያዝ። የተሮጠው ርቀት፣ ሰዓቱ፣ የእንቅልፍ መጠንና የተሰማው ስሜት በየዕለቱ በደብተር ይጻፍ። አሠልጣኝ የሌለው ሯጭ ራሱን የሚመለከትበት መስታወት ይህ ነው። ወደ ክለብ ወይም ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ለመግባት ሲያመለክትም ለባለሙያዎች የሚያቀርበው አስተማማኝ መረጃ ይሆነዋል።

መዝጊያ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ያረፈበት የቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። በደብረ ዘይት መንገድ ማለዳ የሚሮጡ ወጣቶች ከመቃብሩ አቅራቢያ ያልፋሉ። ይኸው ጎዳና ወደ ደቡብ ሲዘልቅ በሳሪስ አቦ አልፎ አበበ ከቶኪዮ በፊት በልምምድ ላይ ሳለ ወደታመመባት ደብረ ዘይት ያደርሳል። ከእርሱ ሕይወት መውሰድ የሚገባቸው በባዶ እግር የመሮጥን ድፍረት ብቻ አይደለም። ከድል በፊት የነበረውን ትዕግሥት፣ ከሕመም በኋላ የነበረውን ሥርዓትና ያልተፈወሰ እግር ያስከፈለውን ዋጋም ጭምር ነው። ነገ ለመሮጥ የሚሻ ሰው ዛሬ ማረፍን ይማር።